የቼዝ ኢንድጌምን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንድጌም ጥቂት ጠጠሮች ብቻ የቀሩበት የቼዝ ጨዋታ ማብቂያ ክፍል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቼዝ ከሚማሩ ልጆች፣ ከወላጆቻቸውና በስልካቸው ከሚጫወቱ አዋቂዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል፦ ዓምዶቹን ከነጩ ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን፤ ረድፎቹን ደግሞ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። ሩክ የምለው ግንብ መሳዩን ነው፤ ቢሾፕ የምለው በሰያፍ የሚሄደውን ነው። ሰሌዳ አጠገብዎ ቢኖር መልካም ነው፤ ስለ ኢንድጌም ጠጠሮቹን ሳያንቀሳቅሱ ማንበብ ብዙም አያስተምርም።

ኢንድጌም የሚባለው መቼ ይጀምራል?

ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም። እኔ የምጠቀምበት መለያ ንጉሡ ነው። ንጉሥዎን ወደ ሰሌዳው መሀል ሲያወጡ ማት (ተጠቅቶ ማምለጫ ማጣት) ይደርስበታል ብለው የማይሰጉ ከሆነ ኢንድጌም ውስጥ ገብተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ንግሥቶቹ ከሰሌዳው ከወጡ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ተደብቆ የኖረው ንጉሥ አሁን ተዋጊ ነው፤ ጉልበቱም ከፈረስ ወይም ከቢሾፕ አያንስም። በርካታ ጀማሪዎች የሚሸነፉት ይህ ለውጥ መምጣቱን ሳያስተውሉ ንጉሣቸውን ጂ1 ላይ ትተው በሩክ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ነው።

ኦፕኒንግ (የጨዋታውን መክፈቻ) ገና አልጨረስኩም። ኢንድጌም ላይ ጊዜ ማጥፋት ይገባኛል?

ኦፕኒንግ አያልቅም። እስኪያልቅ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ኢንድጌም ሳይማር ይቀራል። በቃል የያዙት የኦፕኒንግ መስመር የሚጠቅመው ተጋጣሚዎ በዚያው መንገድ ከመጣ ብቻ ነው፤ ንጉሥና አንድ ወታደር በአንድ ንጉሥ ላይ የሚያደርጉት ጨዋታ ግን የትም ሆነ መቼ ያው ነው። ዛሬ በትክክል የተማሩት ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይሠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ትምህርት ከኢንድጌም መጀመር አለበት ይል ነበር። ምክንያቱን ማንም ሰው በራሱ ጨዋታ ሊፈትሸው ይችላል። በመካከለኛው ጨዋታ ላይ ተጋጣሚዎ «ንግሥት በንግሥት እንለዋወጥ» ብሎ ሲያቀርብልዎ፣ ከልውውጡ በኋላ የሚቀረው አቀማመጥ ማሸነፊያ ይሁን መሸነፊያ ካላወቁ በግምት ነው የሚወስኑት። ኢንድጌም የሚያውቅ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ስለሚያውቅ በ20ኛው እንቅስቃሴም የተሻለ ይጫወታል።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከወታደር ኢንድጌም፣ ማለትም ንጉሦችና ወታደሮች ብቻ ከቀሩበት። ሌላው ኢንድጌም ሁሉ ጠጠር ሲለዋወጡ በመጨረሻ ወደዚህ ስለሚወርድ መሠረቱ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ንጉሥና ወታደር በብቸኛ ንጉሥ ላይ ነው። ነጭ ንጉሥ ኢ6 ላይ፣ ነጭ ወታደር ኢ5 ላይ፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ያስቀምጡ። ማንም ይጀምር ማን ነጩ ያሸንፋል። ተራው የነጩ ከሆነ ንጉሡ ወደ ዲ6 ይሄዳል፤ ጥቁሩ ዲ8 ላይ ሊጋፈጠው ሲመጣ ወታደሩ ወደ ኢ6 ይወጣል፤ ጥቁሩ ወደ ኢ8 ሲመለስ ወታደሩ ኢ7 ይደርሳል፤ ጥቁሩ ወደ ኤፍ7 ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም፤ ነጩ ንጉሥ ዲ7 ላይ ቆሞ ወታደሩን 8ኛው ረድፍ ላይ አድርሶ ንግሥት ያደርገዋል።

አሁን ያንኑ አቀማመጥ በትንሹ ያበላሹት። ነጭ ወታደር ኢ6 ላይ፣ ነጭ ንጉሥ ከኋላው ኢ5 ላይ፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ ይሁን፤ ተራው የጥቁሩ ነው። ጥቁሩ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ኢ8 ካፈገፈገ አቻ ነው። ነጩ ወደ ዲ6 ሲሄድ ጥቁሩ ዲ8 ይመጣል፤ ወታደሩ በቼክ (ንጉሡን እያጠቃ) ኢ7 ሲደርስ ጥቁሩ ኢ8 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነጩ ወታደሩን ለመጠበቅ ኢ6 ላይ ሲቆም ስቴልሜት ይሆናል (ጥቁሩ ቼክ ሳይደርስበት መሄጃ ያጣል፣ ጨዋታውም አቻ ነው)፤ ወታደሩን ከለቀቀው ደግሞ ይበላበታል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ንጉሡ ከወታደሩ ፊት መሆኑና ከኋላ መሆኑ ነው። አጥቂ ከሆኑ ንጉሥዎ ይቅደም፤ ወታደሩ ይከተል። ተከላካይ ከሆኑ በቀጥታ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ፤ ወደ ጎን አይሂዱ። ይህን አንድ ትምህርት ብቻ አጥብቆ የያዘ ልጅ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል ብዙ ግማሽ ነጥቦችን ያተርፋል።

ይህን ወደ ሕግ የሚለውጡት ቁልፍ ቤቶች ናቸው። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ረድፍ ላይ ላለ ወታደር ቁልፍ ቤቶቹ ሁለት ረድፍ ከፊቱ ያሉት ሦስቱ ናቸው። ወታደሩ ኢ4 ላይ ከሆነ ዲ6፣ ኢ6 እና ኤፍ6 ማለት ነው። ንጉሥዎ ከእነዚህ አንዱን ከያዘ ተራው የማንም ይሁን ወታደሩ ንግሥት ይሆናል። ወታደሩ 5ኛውን ረድፍ ከደረሰ ደግሞ አንድ ረድፍ ብቻ ከፊቱ ያሉት ሦስት ቤቶችም ይጨመራሉ። የጠርዝ ወታደር ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ የኤ ዓምድ ወታደር ቁልፍ ቤቶች ቢ7 እና ቢ8 ብቻ ናቸው። ለዚህም ነው የጠርዝ ወታደር ያለበት ኢንድጌም ብዙ ጊዜ በአቻ የሚያልቀው።

ኦፖዚሽን የሚሉት ነገር አይገባኝም።

ሁለቱ ንጉሦች በአንድ ዓምድ ወይም ረድፍ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቤት ትተው ሲፋጠጡ ተራው የደረሰው ሰው መንገድ ይለቃል። ኦፖዚሽን የያዘው እንግዲህ ተራው ያልሆነው ነው። እላይ ያየነው ጥቁር ንጉሥ ዲ6 ላይ ለቆመው ንጉሥ ዲ8 ላይ የተጋፈጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ኦፖዚሽን ግን ቁልፍ ቤት ላይ ለመድረስ የሚረዳ መሣሪያ እንጂ ራሱ ግብ አይደለም። መፋጠጡን ይዘው ቁልፍ ቤቱን የሚያጡ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቁልፍ ቤቶቹን አስቀድመው ይማሩ፣ ኦፖዚሽኑን ከዚያ በኋላ።

ወታደሩን እደርስበታለሁ ወይስ አልደርስበትም? በየጊዜው አንድ በአንድ መቁጠር አሰልቺ ነው።

አይቁጠሩ፤ አራት ማዕዘን ይሳሉ። ነጭ ወታደር ኤች4 ላይ ቢሆን እስከ ኤች8 ያለውን ርቀት ወስደው ወደ ጎን ያንኑ ያህል ይለኩ፤ ማዕዘኖቹ ኤች4፣ ኤች8፣ ዲ8 እና ዲ4 ይሆናሉ። ጥቁር ንጉሥ በተራው ወደዚህ አራት ማዕዘን መግባት ከቻለ ወታደሩን ይደርስበታል። ሲ4 ላይ ካለና ተራው የእሱ ከሆነ ወደ ዲ5 ገብቶ ይይዘዋል፤ ተራው የነጩ ከሆነ ግን ወታደሩ አንድ ቤት ሲራመድ ማዕዘኑም ይጠባል፣ ንጉሡም ውጭ ይቀራል። ወታደሩ ገና ከመነሻው ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ቤት መዝለል ስለሚችል ከ3ኛው ረድፍ እንደተነሣ አድርገው ይለኩ።

ይህን ሕግ የተማረ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1921 ሪቻርድ ሬቲ የሠራውን አቀማመጥ ማየት አለበት፤ በቼዝ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ነጭ ንጉሥ ኤች8 ላይ፣ ነጭ ወታደር ሲ6 ላይ፣ ጥቁር ንጉሥ ኤ6 ላይ፣ ጥቁር ወታደር ኤች5 ላይ ነው። ነጩ ይጀምርና አቻ ያወጣል። ሲያዩት የማይታመን ነው፤ ነጩ ንጉሥ ከጥቁሩ ወታደር አራት ማዕዘን ርቆ ውጭ ነው፣ የራሱም ወታደር በጥቁሩ ንጉሥ እጅ ነው። መልሱ በሰያፍ መሄድ ነው፦ ጂ7፣ ቀጥሎ ኤፍ6። ጥቁሩ ወታደሩን መግፋቱን ከቀጠለ ነጩ ንጉሥ ዞሮ የራሱን ወታደር ይደግፋል፣ ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ። ጥቁሩ በንጉሡ ወደ ቢ6 ከመጣ ነጩ ወደ ኢ5 ይወርዳል፤ ከዚያች ቤት ዲ6 እና ኤፍ4 እኩል ክፍት ናቸው፣ ጥቁሩ ደግሞ አንዱን እንጂ ሁለቱን መዝጋት አይችልም። ንጉሥ በሰያፍ ሲሄድ በአንድ እርምጃ ሁለት ሥራ ይሠራል። በራስዎ ጨዋታ ንጉሥዎን ከማንቀሳቀስዎ በፊት «በዚሁ እርምጃ ሌላ ምን አተርፋለሁ?» ብለው የመጠየቅ ልማድ የሚገኘው እንዲህ ካሉት አቀማመጦች ነው።

የሩክ ኢንድጌም ሁሉ አቻ ነው ይባላል። ታዲያ መማሩ ምን ይጠቅመኛል?

አቻ የሚሆነው ለሚያውቀው ሰው ነው። ሩኮች ከማዕዘናቸው ዘግይተው ስለሚወጡ ዘግይተው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በጨዋታ ላይ ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው የሩክ ኢንድጌም ነው። ለወታደር ኢንድጌም ከሰጡት ጊዜ ቀጥሎ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ይስጡ። ሁለት አቀማመጦች የግድ ናቸው።

አንደኛው የሉሴና አቀማመጥ ነው። ስፔናዊው ሉሴና እ.ኤ.አ. በ1497 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ የታተመው በ1634 በጣሊያናዊው ሳልቪዮ ነው። ስሙ ግን ለሉሴና ቀርቷል። ነጭ ንጉሥ ጂ8፣ ነጭ ወታደር ጂ7፣ ነጭ ሩክ ኤፍ1፤ ጥቁር ንጉሥ ኢ7፣ ጥቁር ሩክ ኤች2። ነጩ ንጉሥ የራሱን ወታደር መንገድ ዘግቶ ታስሯል። መጀመሪያ ሩኩ ኢ1 ላይ ቼክ ይሰጣል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ወደ ዲ7 ይርቃል። ቀጥሎ ሩኩ ወደ ኢ4 ይወጣል፤ ሚስጥሩ ይህች እርምጃ ናት። ጥቁሩ ሩክ ኤች1 ላይ ሲጠብቅ ነጩ ንጉሥ በኤፍ7 ይወጣል፤ ቼክ ሲደርስበት ወደ ጂ6፣ እንደገና ቼክ ሲሆን ወደ ኤፍ6፣ እንደገና ሲሆን ወደ ጂ5 ይወርዳል። የመጨረሻው ቼክ ከጂ1 ሲመጣ 4ኛው ረድፍ ላይ ይጠብቅ የነበረው ሩክ ጂ4 ላይ ገብቶ ይከልላል። ቼኩ አለቀ፤ ወታደሩ ንግሥት ይሆናል። ይህ ዘዴ «ድልድይ መሥራት» ይባላል።

ሁለተኛው የተከላካዩ ነው፤ የፊሊዶር አቀማመጥ። ፍራንሷ አንድሬ ዳኒካን ፊሊዶር በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲና የዘመኑ ኃያል ተጫዋች ነው። አጥቂው ነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደር ኢ5፣ ሩክ ኤች7 ይዟል፤ ተከላካዩ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ፣ ሩኩ ኤ6 ላይ ነው። ጥቁሩ ሩኩን 6ኛው ረድፍ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ይጠብቃል፤ ነጩ ንጉሥ ያንን ረድፍ መርገጥ አይችልም። ነጩ ሌላ መንገድ ሲያጣ ወታደሩን ወደ ኢ6 ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት የጥቁሩ ሩክ ወደ ኤ1 ወርዶ ከኋላ ቼክ መስጠት ይጀምራል። ነጩ ንጉሥ ይጠለልበት የነበረውን ቤት ወታደሩ ስለያዘው መደበቂያ የለውም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሩኩን ቸኩለው ወደ ታች በመላክ ነው። ወታደሩ እስኪገፋ ድረስ 6ኛውን ረድፍ አይልቀቁ።

ከእነዚህ ቀጥሎ የጀርመናዊው ተጫዋች የዚግበርት ታራሽ ምክር ይመጣል፦ ሩክ ነፃ ወጥቶ ከሚሮጥ ወታደር ኋላ ይቁም፤ ወታደሩ የእርስዎም ይሁን የተጋጣሚዎ። በተጨማሪም ሩክዎ ይሥራ። አንድ ወታደር ለመጠበቅ ብሎ ጥግ ላይ የታሰረ ሩክ ካለዎት ወታደሩን ሰጥቶ ሩኩን ነፃ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ንጉሥ በሩክ ኢንድጌም ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ሳቪየሊ ታርታኮወርን ያሸነፈበትን ጨዋታ አጥኑ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። የካፓብላንካ ሩክ 7ኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ጥቁሩን ንጉሥ ዘግቶበታል። ከዚያ ንጉሡን ከጂ3 ወደ ኤች4፣ ጂ5 እና ኤፍ6 አዘመተው፤ በመንገዱ ሁለት ወታደሮች በቼክ ተበሉበት፣ እሱ ግን አልዞረም። ኤፍ5 ላይ የነበረውን የጥቁር ወታደር እንኳ ወዲያው አልበላውም፤ ከኋላ የሚመጣ ቼክ ይከልልለት ነበርና። ኤፍ6 ከደረሰ በኋላ የሰጠውን መልሶ ሰብስቦ አሸነፈ። ወታደር መቁጠርና ጠጠሮች ምን እየሠሩ እንደሆነ ማየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ጨዋታ አላውቅም።

ስንት አቀማመጥ በቃሌ ልያዝ?

ጥቂት፤ ከ20 አይብለጡ። ንጉሥና ወታደር፣ ሉሴና፣ ፊሊዶር፣ ንግሥት 7ኛው ረድፍ ላይ በደረሰ ወታደር ላይ (ወታደሩን የሚደግፈው ንጉሥ አጠገቡ ካለና የአጥቂው ንጉሥ ሩቅ ከሆነ የኤ፣ የኤች፣ የሲ እና የኤፍ ዓምድ ወታደሮች አብዛኛውን ጊዜ አቻ ያወጣሉ)፣ የተሳሳተ ቀለም ያለው ቢሾፕ። ይህ የመጨረሻው ሁሌም ያስደንቃል፦ ኤች8 ጥቁር ቤት ስለሆነ የኤች ዓምድ ወታደርና በነጭ ቤቶች የሚሄድ ቢሾፕ ይዘው የተከላካዩ ንጉሥ ኤች8 ላይ ከደረሰ ማሸነፍ አይችሉም።

«ያዝኩት» ማለት ግን መልሱን አነበብኩት ማለት አይደለም። አቀማመጡን ሰሌዳ ላይ ደርድረው ከሚከራከርዎ ሰው ወይም ኮምፒውተር ጋር ተጫውተው ካሸነፉ፣ ከዚያም ወገን ቀይረው ከተከላከሉ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሳያዩ ከደገሙት ያን ጊዜ ያዙት። መቶ አቀማመጥ አንብቦ አንዱንም በሰዓት ግፊት ማድረግ ከማይችል ሰው አሥሩን በእጁ ያስገባው ይበልጣል።

በቢሾፕና በፈረስ ማት መስጠት መማር አለብኝ?

ቶሎ አይደለም። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ ቢገጥምዎ ነው። ይሁን እንጂ ሲገጥም ያሳፍራል፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በጄኔቫ በተካሄደ የሴቶች ግራንድ ፕሪ ውድድር ላይ በወቅቱ የሴቶች ዓለም ሻምፒዮን የነበረችው አና ኡሼኒና በኦልጋ ጊርያ ላይ ይህንኑ ማት ማስጨረስ ሳትችል ጨዋታው በአቻ ተጠናቋል። ማቱ የሚሰጠው ቢሾፑ በሚሄድበት ቀለም ማዕዘን ላይ ብቻ ነው፤ በትክክል ከተጫወቱት ቢበዛ 33 እንቅስቃሴ ይፈጃል። የሩክ ኢንድጌምን በደንብ ከያዙ በኋላ ይማሩት፤ ቢሾፕ፣ ፈረስና ንጉሥ እንዴት እንደሚተባበሩ ያሳያል።

ቢሾፕ ይሻላል ወይስ ፈረስ?

ወታደሮች በሁለቱም ክንፍ ካሉና ሰሌዳው ክፍት ከሆነ ቢሾፕ፤ ወታደሮቹ ተቆላልፈው ቢሾፑ በራሱ ወታደሮች ቀለም ላይ ከታሰረ ፈረስ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቫንኩቨር ላይ ቦቢ ፊሸር በማርክ ታይማኖቭ ላይ በ4ኛው ጨዋታ የቢሾፕን ኃይል አሳይቷል፤ ታይማኖቭ መንቀሳቀስ ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት ሁኔታ ውስጥ ገባ፣ ይህም ዙግዝዋንግ የሚባለው ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ አናቶሊ ካርፖቭ በጋሪ ካስፓሮቭ ላይ በ9ኛው ጨዋታ ፈረሱን ወደ ጂ2 አውርዶ ወታደር በመሠዋት የታሰረውን ቢሾፕ አሸነፈ። ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ቀን አጠገብ ለአጠገብ ይዩ።

ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቢሾፕ ይዘው ቀለማቸው ከተለያየስ? አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ወታደር ብልጫ ቢኖርም አቻ ሊሆን ይችላል። እየተሸነፉ ከሆነ ወደዚህ ዓይነት ኢንድጌም ለመግባት ይሞክሩ።

የማሸንፈውን ጨዋታ ሁሌም አበላሻለሁ። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ መፍትሔውም አብዛኛውን ጊዜ ጠባይ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ብልጫ ያለው ሰው «አሁን አሸንፌአለሁ» ብሎ ማሰብ ያቆማል። የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጀመሪያ ተጋጣሚዎ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁና ይከልክሉት፤ ከዚያ ንጉሥዎን ያሻሽሉ፤ ወታደር የሚገፉት ከሁሉም በኋላ ነው፤ ወታደር ወደ ኋላ አይመለስምና። በጠጠር ከበለጡ ጠጠር (ከወታደር ሌላ ያሉትን) ይለዋወጡ፣ ወታደሮችዎን ግን ይጠብቁ። እየተሸነፉ ከሆነ በተቃራኒው ወታደር ይለዋወጡ፤ ሰሌዳው ላይ ወታደር ሲያልቅ የተጋጣሚዎ ማሸነፊያም አብሮ ያልቃል። አንድ ልውውጥ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፦ የመጨረሻውን ጠጠር ለውጠው ወደ ወታደር ኢንድጌም ከመግባትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያስሉ። እዚያ ከገቡ በኋላ ማስተካከያ የለም።

በንግሥት ብቸኛ ንጉሥን ሲያሳድዱ ስቴልሜት የሚያጋጥምዎ ከሆነ ቼክ መስጠት ያቁሙ። ንግሥቷን ከጥቁሩ ንጉሥ በፈረስ ዝላይ ርቀት እያስቀመጡ ወደ ጠርዝ ይግፉት፤ ጠርዝ ከደረሰ በኋላ ንግሥቷን አቁመው የራስዎን ንጉሥ ያምጡ። በእያንዳንዱ እርምጃ «የሚሄድበት ቤት ቀርቶለታል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ትዕግሥት በከፍተኛ ደረጃም ጨዋታ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በህንድ ቼናይ ማግነስ ካርልሰን ከቪስዋናታን አናንድ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሲወስድ መንገዱን የከፈቱለት 5ኛውና 6ኛው ጨዋታ ነበሩ፤ ሁለቱም ብዙዎች አቻ ናቸው ካሏቸው የሩክ ኢንድጌሞች የወጡ ድሎች ናቸው። በ2021 ዱባይ ላይ በኢያን ኔፖምኒያሺ ላይ 6ኛውን ጨዋታ ያሸነፈው ደግሞ በ136ኛው እንቅስቃሴ ነው፤ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ከዚያ የረዘመ ጨዋታ የለም። ካርልሰን ሩክ፣ ፈረስና ሁለት ወታደሮች ነበሩት፣ ተጋጣሚው ደግሞ ንግሥት። አቀማመጡ በትክክል ከተጫወቱት እስከ መጨረሻዎቹ እርምጃዎች አቻ ነበር። ነገር ግን ለሰዓታት እየተከላከሉ በትክክል መጫወት ከባድ ነው፤ ካርልሰንም ይህን ያውቅ ነበር።

አለመቸኮል ለተከላካዩም ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ባደረገው 1ኛ ጨዋታ ፍጹም እኩል በሆነ ኢንድጌም ቢሾፑን ሰዶ ኤች2 ላይ ያለውን ወታደር በላ፤ ቢሾፑ ተዘጋበት፣ ጨዋታውንም ተሸነፈ። እኩል በሆነ አቀማመጥ ላይ ነፃ የሚመስል ወታደር ሲያዩ ከበሉ በኋላ ጠጠርዎ በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ።

ኮምፒውተሩ መልሱን ካወቀው እኔ ለምን እደክማለሁ? ወይስ እንዴት ልጠቀምበት?

ንጉሦቹን ጨምሮ ሰሌዳው ላይ ሰባት ጠጠር ብቻ ሲቀር መልሱ በሙሉ ታውቋል፤ ቴብልቤዝ የሚባለው ስብስብ ማን እንደሚያሸንፍና በስንት እንቅስቃሴ እንደሆነ ያለ ስህተት ይናገራል። በሊቼስ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ እዚያው ስለ ቁልፍ ቤቶች፣ ስለ ኦፖዚሽን፣ ስለ ሉሴናና ፊሊዶር መለማመጃ አለ። መምህርና መጽሐፍ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ኢንተርኔት ባገኙ ጊዜ ሁሉ ይጠቀሙበት።

አጠቃቀሙ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ጨዋታዎን ጨርሰው ወዲያው ኮምፒውተሩን ከጠየቁ የሚማሩት የለም። መጀመሪያ ኢንድጌሙ በጀመረበት ቦታ ላይ ያቁሙና የራስዎን ፍርድ በወረቀት ይጻፉ፦ ማን ይሻላል፣ ዕቅዱ ምንድን ነው፣ የትኛው ልውውጥ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ያስተያዩ። ስህተት ያገኙበትን አቀማመጥ አስቀምጠው ከኮምፒውተሩ ጋር እንደ አዲስ ይጫወቱት። ከራስዎ ጨዋታ የወጣ አንድ ኢንድጌም ከማያውቁት ሰው ጨዋታ ከተወሰዱ አሥር ይበልጥ በልብዎ ይቀራል።

ኮምፒውተር ያወቀውን ሁሉ ሰው ያደርገዋል ማለት ደግሞ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ግራንድማስተር ዋልተር ብራውን ንግሥት ይዞ፣ ሩክ ብቻ የያዘን ኮምፒውተር በ50 እንቅስቃሴ ውስጥ ማሸነፍ አቃተው፤ ኮምፒውተሩ ሰው የማይጠብቃቸውን መከላከያዎች ያመጣበት ነበር። አጥንቶ ተመልሶ በሁለተኛው ሙከራ ልክ በ50ኛው እንቅስቃሴ አሸነፈ።

ሰንጠረዥ (የአገራችንን ጥንታዊ ቼዝ) መጫወት ከአያቴ ተምሬአለሁ። ለዘመናዊው ቼዝ ይጠቅመኛል?

በከፊል። በሰንጠረዥ የዛሬዋ ንግሥት የለችም፤ በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፣ በቢሾፕ ቦታ ያለው ፊልም በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል። ስለዚህ ጨዋታው በጥቂት ጉልበት ብዙ ማሳካትን ይጠይቃል። ፈረስ፣ ንጉሥና ደካማ ጠጠሮችን አስተባብሮ ተጋጣሚን ማጥበብ የለመደ ሰው ለኢንድጌም የሚሆን ዓይን አለው። የማይጠቅምዎ የወታደር ስሌት ነው፤ ንግሥት የምትወጣበት ሩጫ በሰንጠረዥ ስለሌለ ቁልፍ ቤቶችንና አራት ማዕዘኑን እንደ አዲስ መማር አለብዎ። አያትዎ በሕይወት ካሉ ግን ሰንጠረዡን አይተዉ፤ የሚያውቁት ሰዎች እያነሱ ነው።

ልጄ ኢንድጌም ይሰለቸዋል። እንዴት ላስተምረው?

ሌሎቹን ጠጠሮች ሁሉ አንሥተው ንጉሦችንና ስምንት ስምንት ወታደሮችን ብቻ በመነሻቸው ደርድሩና ተጫወቱ፤ መጀመሪያ ንግሥት ያወጣ ያሸንፋል። ልጆች ይህን ይወዱታል። ነፃ የወጣ ወታደር፣ የንጉሥ ዘመቻ፣ ዙግዝዋንግ፣ ሁሉም ያለ ስብከት ይመጣሉ። የሬቲን አቀማመጥ ደግሞ «ነጩ እንዴት አቻ ያወጣል?» ብለው ሰጥተውት መልሱን ሳይነግሩት ይተዉት። አንድ ሳምንት ቢፈጅበትም አይንገሩት።

በሳምንት ምን ያህል ጊዜ ልስጠው?

ለቼዝ ከሚሰጡት ጊዜ ሲሶውን። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ጥናት ይሻላል። የሚጫወቱትም በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሰከንድ በሚጨመርበት ሰዓት ይሁን፤ ጭማሪ በሌለው የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ኢንድጌም የሚወሰነው በእጅ ፍጥነት ነው።

ለአቻ የተቀመጡት የእንቅስቃሴ ብዛትና የሰዓት ሕጎች ምን ይላሉ?

ሁለቱም ወገኖች 50 50 እንቅስቃሴ አድርገው በዚያ መሀል ምንም ጠጠር ካልተበላና ወታደር ካልተገፋ አንዱ ተጫዋች አቻ መጠየቅ ይችላል፤ 75 ከደረሰ ማንም ሳይጠይቅ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል። አንድ አቀማመጥ ከነተራው ሦስት ጊዜ ከተደገመም አቻ መጠየቅ ይቻላል፤ አምስት ጊዜ ከሆነ ጥያቄ አያስፈልገውም። የተጋጣሚዎ ሰዓት ቢያልቅና እርስዎ ብቸኛ ንጉሥ ብቻ ቢቀርዎ አሸናፊ አይደሉም፤ አቻ ነው። አንድ ወታደር እንኳ ቢኖርዎ ግን ያ ወታደር ንግሥት ሊሆን ስለሚችል ነጥቡ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።